መጀመሪያ የዱቄቱን ጠርሙስ አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለማስተርስ ጥናትሽ እርሾን ናይትሮጅን የሌለው ምግብ ውስጥ አስገብተሽ፣ ሴሉ ራሱን መብላት ይጀምራል ስትዪ ጭራሽ ሲባዛ አደረ። እኔም እዚያው ደብረ ብርሃን ይኸው ነው የገጠመኝ። "ተበክሏል" ቢሉሽም እርሾውን ለመጣል አትቸኩዪ።

1ኛ. የምግቡን ዱቄት ጠርሙስ አንሺና ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቢ። "ይስት ናይትሮጅን ቤዝ" አሞኒየም ሰልፌት ያለበትም የሌለበትም አለ። ላንቺ የሚሆነው አሞኒየም ሰልፌትም አሚኖ አሲድም የሌለበት ነው። ሁለቱም ናይትሮጅን አላቸው፤ አሞኒየም ካገኘ እርሾው ምን ቸገረው? ያድጋል።

እኔ መጠየቂያ ፎርሙ ላይ "የሌለበት" የሚለውን አስምሬበት ነበር። የግዥ ክፍሉ ሰውዬ ያለበትን ገዝቶ መጣ። ላስረዳው ብሄድ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ያው የእርሾ ምግብ አይደል እንዴ?" አለኝ። ፕሮፎርማ እንደገና ይሰብሰብ ተባለና ሴሚስተሩ በዚያው አለቀ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዕቃው ሲመጣ ካርቶኑ ተከፍቶ ሳታዪ እንዳትፈርሚ።

2ኛ. ከመጀመሪያው ምግብ ስታወጪው በደንብ እጠቢው። የተረፈችው ጠብታም ናይትሮጅን አላት። የኢንኩቤተሩንም 30 ዲግሪ በራስሽ ቴርሞሜትር አረጋግጪ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እርሾ አይንቀሳቀስም።

3ኛ. የካርቦን ምንጩን፣ ስኳሩን ግሉኮስ አትንኪው፣ 2 በመቶ ይሁን። ብዙ ሰው ስኳሩንም ቢነሳው የባሰ የሚርበው ይመስለዋል። ግሉኮስ ላይ ያደገ እርሾ ካርቦን ብቻ ሲያጣ ኦቶፋጂው (ራሱን መብላቱ) እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግሊሰሮል በሚባል ሌላ የካርቦን ምንጭ ላይ ቀስ ብሎ ያደገው ግን ካርቦን ሲያጣ ራሱን መብላት ይጀምራል። ምን አጣ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ምን ሲበላ ነበር የሚለውም ይወስናል። የጥናቴ ምርጡ ክፍል ይሄ ነበር፤ ፈታኞቼም እዚህ ላይ ነው ጥያቄ ያበዙት። አንቺም ከዋናው ሙከራሽ ሌላ፣ ግሉኮስ ላይና ግሊሰሮል ላይ ያደገውን ካርቦን ነስተሽ ጎን ለጎን ሥሪ።

ደግሞ ውድ ማይክሮስኮፕ የለንም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 ኖቤል የተሸለመበትን ሥራ የጀመረው እርሾን በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ እያየ ነው። የሱ እርሾ በቫኩኦሉ (ሴሉ የበላውን በሚፈጭበት ከረጢት) ውስጥ ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞች የጎደሉት ነበር፤ ስለዚህ የገባው ሳይፈጭ ተከማችቶ ታየው። እንዲህ ዓይነት ዝርያ ካላገኘሽ ፒኤምኤስኤፍ የሚባለው ኬሚካል ኢንዛይሞቹን ይገታልሻል። መርዛም ነውና ጓንት አድርጊ። ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽም በኢታኖል አሟሚውና ልትጠቀሚ ስትዪ ብቻ ጨምሪው።

እኔ ከሱቅ በተገዛ የዳቦ እርሾ ነው ያየሁት። ናይትሮጅን ካጣ ከሰዓታት በኋላ ቫኩኦሉ ውስጥ ክብ ክብ ፍሬዎች ሞልተው እንደ ተቆላ ኑግ ይንጣጣሉ። ሴሉ የራሱን አካል ጠቅልሎ ወደዚያ ያስገባው ነው። የላቦራቶሪው ሰዎች በሙሉ ተራ ይዘው አዩልኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ልነግርሽ አልችልም።

የጠርሙሱን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልኝና ዓይነቱን አይቼ እነግርሻለሁ።