«መርፌው አልያዘኝም»፦ ጥርስ ሐኪም ጋ ለመሄድ ለሚፈሩ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከአራት ዓመት በፊት የታች መንጋጋ ጥርሴን ሳስነቅል ሁለቴ ተወግቼም አልደነዘዘኝም። እያመመኝ ነው የተነቀለው። አሁን ሌላኛው እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ግን ፈራሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ «እዚህ በኮምፒውተር ነው የሚወጉሽ፣ ጋዝም ይሰጡሻል፣ ምንም አታውቂም» ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እህትዎ አልዋሸችም፣ ትንሽ ግን አጋንናለች።

መጀመሪያ ያለፈውን እንይ። ብዙ ሰው «የኔ ሰውነት ማደንዘዣ አይቀበልም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሰውነት አይደለም። ጥርሱ ሥር መግል ካለ አካባቢው አሲዳማ ይሆናል፤ መድኃኒቱም ወደ ነርቩ ዘልቆ መግባት ያቅተዋል። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ደግሞ ወፍራም ስለሆነ መድኃኒቱ በቀላሉ አይሰርግበትም። ስለዚህ ነርቩን ከኋላ፣ ነርቩ አጥንት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማግኘት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ የለመደ እጅም አንዳንዴ ይስታል።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው ምንድን ነው? «ዋንድ» የተባለው መሣሪያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። ሐኪሙ እንደ እስክሪብቶ የቀለለ ነገር ይይዛል፤ ማሽኑ መድኃኒቱን ጠብታ በጠብታ ይገፋል። መርፌ ሲወጉ የሚያመው መወጋቱ ብቻ አይደለም፤ ፈሳሹ ጠባብ ቦታ ላይ በኃይል ሲገፋ ነው። እንግዲህ ትዕግሥተኛ እጅም ይህን ይችላል። ድዱን አድርቆ የማደንዘዣ ጄል መቀባት፣ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መግፋት። ማሽን የሌለበት ክሊኒክ ሄድኩ ብለው አይዘኑ።

ጋዙ፣ ማለትም «የሳቅ ጋዝ» የሚባለው ናይትረስ ኦክሳይድ፣ አዲስ አይደለም። ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1844 በዚሁ ጋዝ የራሱን ጥርስ አስነቅሏል። አዲሱ ነገር ጥንቃቄው ነው፤ ማሽኑ ኦክስጅን ከተወሰነ መጠን በታች እንዲወርድ አይፈቅድም፤ ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያም የደምዎን ኦክስጅን ይከታተላል። ታዲያ «ምንም አታውቂም» የሚለው ስህተት ነው። ዘና ያደርጋል እንጂ አያስተኛም፤ መርፌውንም አያስቀርም። አፍንጫዎ ከታፈነ ብዙም አይሠራም። እርጉዝ ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ።

በደም ሥር የሚሰጥ የሚያረጋጋ መድኃኒትም አለ። እሱ ግን ትንፋሽና ልብ ምት የሚከታተል የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ያ በሌለበት ቦታ ቢያቀርቡልዎ እምቢ ይበሉ።

ቀጠሮ ሲይዙ «ባለፈው አልያዘኝም» ብለው ይናገሩ፤ ሐኪሙ እንደ አርቲኬይን ያለ ሌላ መድኃኒት ወይም ሌላ የመውጊያ ቦታ ያስባል። ካመመዎ እጅ አንስተው እንዲያስቆሙም ከሐኪሙ ጋር ይስማሙ። ፊትዎ ካበጠ፣ ካተኮሰዎ ወይም መዋጥ ካቃተዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።