ካርዱን ከመግዛትዎ በፊት ሳጥኑን ይክፈቱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተርና ጌም

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝተው ለጌም ማዘጋጀት የሚፈልጉ ናቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ገንዘብም ይቆጥባል። ችግሩ ብዙ ሰው ግራፊክስ ካርዱን (የጨዋታውን ምስል የሚሠራውን ክፍል) ቀድሞ ይገዛና ፓወር ሰፕላዩን (ኃይል የሚያድለውን ክፍል) እና ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ኋላ ያስባል።

ከኮምቦልቻ

*ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 አለኝ፤ ትንሹ ኬዝ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-3470፣ ራሙ 8 ጊጋ። ፔስ 2017 ስጫወት ይንቀራፈፋል። አንድ ሻጭ 8 ጊጋ አርኤክስ 580 ካርድ አሳይቶኝ «ሰክተህ መጫወት ብቻ ነው» አለኝ። ልግዛው?*

አይግዙት። ካርዱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ከእርስዎ ሳጥን ጋር ስለማይስማማ ነው።

መጀመሪያ ቁመቱ። ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ የኋላ ብረቱ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የእርስዎ ኬዝ የሚቀበለው ግማሽ ቁመት የሚባለውን፣ ብረቱ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ብቻ ነው። ክዳኑን ከፍተው ቢጫወቱ እንኳ ሁለተኛው ችግር ይጠብቅዎታል። የኬዝዎ ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ነው። አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ እስከ 77 ዋት ይፈልጋል። ሃርድ ዲስኩና ማዘርቦርዱ ሳይቆጠሩ ከ240 አልፏል። በዚያ ላይ ካርዱ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ይጠይቃል፤ የእርስዎ ፓወር ሰፕላይ ያ ገመድ የለውም። «ከሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ 8 ፒን» የሚቀይር ማገናኛ አለ ቢሉዎት እሺ እንዳይሉ። የሃርድ ዲስኩ የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው፤ 8 ፒን እስከ 150 ዋት ይስባል። ፕላስቲኩ የሚቀልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሆንዎት ካርድ ኃይሉን በሙሉ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ የሚወስድ ነው። ማስገቢያው የሚሰጠው ከፍተኛ ኃይል 75 ዋት ነው። በዚህ ወሰን ውስጥ ግማሽ ቁመት ሆነው የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650፣ በ2022 የወጣው አርኤክስ 6400፣ እና በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለእርስዎ ፕሮሰሰር የምንመርጠው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱን ነው። 3050ን ቢገዙ የቆየው ፕሮሰሰር አንቆ ስለሚይዘው ትርፉን ገንዘብ በከንቱ ያወጣሉ። አርኤክስ 6400 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት የመረጃ መስመር ብቻ ነው፤ እንደ እርስዎ ባለ ሦስተኛ ትውልድ ማስገቢያ ላይ የካርዱ 4 ጊጋ ሜሞሪ ሲሞላ ጨዋታው ይቆራረጣል። የጨዋታ ቪዲዮ የሚቀርጽ ክፍልም የለውም። 1650 ሲገዙ ጎኑን ይዩ፤ 6 ፒን የኃይል ገመድ የሚጠይቅ ዓይነት አለ፣ እሱ ለእርስዎ አይሆንም። ጂቲ 710 ወይም ጂቲ 730ን «4 ጊጋ ነው» ብለው ቢያመጡልዎ በጊጋው አይታለሉ፤ ሜሞሪው ምንም ያህል ቢሰፋ ካርዱ ራሱ ደካማ ነው።

ካርዱ ሁለት ማስገቢያ የሚሸፍን ወፍራም ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ከረጅሙ ማስገቢያ አጠገብ ክፍት ቦታ መኖሩን ይዩ። በአንዳንድ ትንንሽ ኬዞች ማስገቢያው ከግድግዳው ጋር ስለሚጠጋ ማራገቢያው ቦታ ያጣል።

ሲገጥሙ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፣ ከዚያ የኬዙን ብረት ይንኩ። በካርዱ ላይ ያለውን ረጅም ብረት በአጭሩ ይቀይሩ። ካርዱን ቀጥ አድርገው ቀጭ እስኪል ይጫኑ። የብዙ ሰው ስህተት ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፦ የሞኒተሩን ገመድ በድሮው ቦታ ማዘርቦርዱ ላይ ይተውና «ካርዱ አይሠራም» ይላል። ገመዱ ወደ ካርዱ መዞር አለበት። ሞኒተርዎ ሰማያዊ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ 1050 ቲአይም 1650ም ቪጂኤ ምልክት አያወጡም፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ በውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልግዎታል። ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የሚሸጠው ተራ ቁራጭ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ካርዱ ገብቶ ምስል እንቢ ካለ የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ፕሮግራም) አዲስ ቅጂ ከዴል ድረ ገጽ አውርዶ ማደስ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ይህን ግን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አይሞክሩት፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋ ከሆነ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ማድረግ ይሻላል፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲሠሩ ፍጥነቱ ይጨምራል።

ከወልድያ

*ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። ዊንዶውስም ስሙን እንደዚያ ያነበዋል። ጂቲኤ 5 ስከፍት ግን ጥቂት ደቂቃ ይሠራና ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። የኋላው ሰማያዊ ቪጂኤ አለው፤ ባለ 6 ፒን ገመድም ይፈልጋል።*

ያዝኑ ይሆናል፣ ግን ይህ ካርድ 1050 ቲአይ አይመስልም። ከላይ እንዳልነው እውነተኛው 1050 ቲአይ በቪጂኤ ምስል የማውጣት ችሎታ በቺፑ ውስጥ የለውም። ምናልባት በእጅዎ ያለው በ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ የወጣ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ወይም ከእሱም የቆየ ጂቲኤስ 450 ሊሆን ይችላል። ሥራው እንዲህ ነው፦ የካርዱን ባዮስ ይለውጡና ስሙንና ሜሞሪውን ያሳስቱታል። ዊንዶውስ ካርዱ የነገረውን ስም ብቻ ስለሚያነብ ያምናል። በእውነት ያለው ሜሞሪ 1 ጊጋ ነው። ጨዋታው ያን አልፎ በወረቀት ላይ ያለውን 4 ጊጋ ሲጠይቅ ካርዱ ይወድቃል። ጥቁሩ ስክሪን የሚመጣው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። ሐሰተኛ ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ፊት «ሐሰተኛ» ብሎ ይጽፋል፤ ስዕሉ ላይም ቃለ አጋኖ ያሳያል። እውነተኛ 1050 ቲአይ 768 የማስሊያ ኮሮች አሉት፤ 550 ቲአይ 192 ብቻ። ሌላ ካርድ ሲገዙ ይህን ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ያስከፍቱት። እንቢ ካለ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ከደሴ

*ሁለት ኮምፒውተር አለን። አንዱ አይ5 ሦስተኛ ትውልድ፣ ሌላው አይ5 ስምንተኛ ትውልድ። ዊንዶውስ 10 አበቃ ሲባል ሰማን። ሁለቱንም ወደ 11 እናዙራቸው? ቫሎራንትም መጫወት እንፈልጋለን።*

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ ይቆማል ማለት አይደለም፤ የደኅንነት ማሻሻያ መምጣቱ ይቆማል እንጂ። ለግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ አለ። የዊንዶውስ 10 ስሪቱ 22ኤች2 መሆን አለበት፤ የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍተው የሴቲንግ መጠባበቂያ ካበሩ ያለ ክፍያ ይመዘገባሉ። ሦስተኛ ትውልዱን በዚህ መንገድ ያቆዩት። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል የሚቀበለው በመሠረቱ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም የሚያግድ ጥበቃ) ይጠይቃል። ክልከላውን እየዘለሉ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ። ቫሎራንት ግን በ11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ካላገኘ አይከፈትም፤ ስለዚህ የዘለሉት በር እዚያ ይጠብቅዎታል።

ስምንተኛ ትውልዱ ላይ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ከፍተው ባዮስ ሞድ የሚለውን ያንብቡ። «ሌጋሲ» ካለ ዲስኩ በአሮጌው የኤምቢአር አሠራር ተከፋፍሏል ማለት ነው። መጀመሪያ ፋይልዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ከዚያ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን ኤምቢአር-2-ጂፒቲ መሣሪያ በአድሚን መብት ያስኬዱ፤ ዋና ክፍልፋዮች ከሦስት እንዳይበልጡ። ይህ ሲያልቅ ብቻ ወደ ባዮስ ገብተው ሌጋሲውን አጥፍተው አዲሱን አሠራር ዩኢኤፍአይን፣ ቀጥሎ ሴኪዩር ቡትን ያብሩ። ባዮሱን ቀድመው ቢቀይሩት «ቡት የሚያደርግ ዲስክ አልተገኘም» ይላል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሱቅ ይሮጥና ፎርማት ያስደርጋል፤ ፋይሉም ይጠፋል። አይደንግጡ፣ ባዮሱን ወደ ነበረበት መልሱት፣ ዊንዶውሱ ይነሳል።

ግራፊክስ ካርዱ ከ2012 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ ሌጋሲው ሲጠፋ ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ዩኢኤፍአይ የሚያውቅ ባዮስ የለውምና። ጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርድ (እንደ 1050 ቲአይ ያለ) ካላችሁ ደግሞ አምራቹ ኒቪዲያ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. በኋላ ለአዳዲስ ጨዋታዎች ተብሎ የሚወጣ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) አይሰጠውም፤ የደኅንነት ማሻሻያው እስከ 2028 ይቀጥላል። ፔስና ጂቲኤ 5ን ለመሰለ የቆየ ጨዋታ ይህ ምንም አይጎዳችሁም።

ከሐይቅ

*ተማሪ ነኝ። የላፕቶፔን ግራፊክስ ካርድ መቀየር እችላለሁ?*

አትችልም፣ ወንድማችን። በአብዛኛው ላፕቶፕ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ገንዘብህን ራም ላይና ኤስኤስዲ ላይ አውል፤ ሁለተኛ ራም የሚገባበት ክፍት ቦታ ካለ ከሱ ጀምር።

ከከሚሴ

*አይ7-4770 እና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር አለኝ፤ ፓወር ሰፕላዩ 500 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል። ጨዋታ በጀመርኩ በአሥር ደቂቃ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሙቀት ነው?*

ሙቀት አይመስለንም። ካርዱ ሲሞቅ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጨዋታው ይንቀራፈፋል እንጂ በድንገት አይጠፋም። ያለ ምንም ሰማያዊ ስክሪን ድርግም ማለት አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ችግር ነው።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ይተዉትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። የ12 ቮልት መስመሩ ስንት አምፔር ይላል? 18 አምፔር ከሆነ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ነው፤ «500» የሚለው ማስታወቂያ ነው። የእርስዎ ካርድ 125 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 84 ዋት፣ ድምሩ 209። ማራገቢያውና ዲስኩ ሲጨመሩበት አለፈ። ለዚህ ካርድ አምራቹ የሚመክረው 450 ዋት ነው፤ እውነተኛ 450።

ከመግዛትዎ በፊት መሞከር ይችላሉ። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ወሰን ወደ 70 በመቶ ያውርዱና ይጫወቱ። መጥፋቱ ከቆመ ጥፋተኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው። አዲሱ የኋላው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ ካለው ሁልጊዜ 230 ላይ ይሁን፤ በእኛ መስመር 115 ላይ አድርጎ ማብራት ፓወር ሰፕላዩን ወዲያው ያቃጥለዋል።

ሙቀቱንም ግን ፈጽሞ አይርሱት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል፣ ብርዱ ግን ያካክሰዋል። ከሚሴ ቆላ ነው፣ የሚያካክስ ብርድ የለም። አቧራውን በየሁለት ወሩ ይጥረጉ፤ ሲጠርጉ የማራገቢያውን ምላስ በጣት ይያዙት፣ እንዳይሽከረከር። ዩፒኤስ ሲገዙ ደግሞ ቪኤ የሚለውን ሳይሆን ዋት የሚለውን ይዩ፤ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም።

ከመርሳ

*ካርድ ስቀይር ፎርማት ማድረግ ግዴታ ነው? ባለሙያው ካላደረግን አይሠራም አለኝ።*

ግዴታ አይደለም፤ የፎርማት ሒሳብም አይክፈሉ። የአዲሱን ካርድ ድራይቨርና ዲዲዩ የሚባለውን ማጽጃ ቀድመው ፍላሽ ላይ ያውርዱ። ኢንተርኔቱን ይንቀሉ፤ አለዚያ ዊንዶውስ እርስዎ ባጸዱት ቁጥር የራሱን ድራይቨር ያስገባል። በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብተው የድሮውን ድራይቨር በዲዲዩ ያጥፉ፣ ኮምፒውተሩን ዘግተው ካርዱን ይቀይሩ፣ ከፍላሹ አዲሱን ይጫኑ። ኢንተርኔቱ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።