የከተማ ጓሮ ጥያቄዎች፤ የቦይ ውሃ፣ የነቀዝ ክኒንና ሌሎችም

ሰሞኑን ከጎጃም ከተሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በከተማ ውስጥ አትክልት ስለ ማልማትና ምግብን በጋራ ስለ ማምረት የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን እንደሚከተለው መልሰናል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጠያቂያችን ተከራይ ናቸው። መሬት የላቸውም፤ ያላቸው ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳና ጥቂት ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ለዐቢይ ጾም የሚደርስ ምን ልዝራ፣ መቼስ ልዝራ ይላሉ።

ቆስጣና የሐበሻ ጎመን ይዝሩ። ሁለቱም የታች ቅጠላቸው እየተቀነጠሰ ለረጅም ጊዜ ስለሚበሉ ለጠባብ ቦታ ከጥቅል ጎመን ይሻላሉ። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ አይገባም፤ የዓመቱን መግቢያ አይተው ሁለት ወር ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ከተማዎ ደጋ ስለሆነችና የታኅሣሥ ብርድ ቡቃያን ስለሚያዘገይ ሁለት ሳምንት ይጨምሩበት። ጾሙ 55 ቀን ነውና ዘሩን በአንድ ቀን አይጨርሱት፤ ግማሹን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዝሩት።

ከባሕር ዳር፦ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ እናቶች ከአስተዳደሩ በጊዜያዊነት በተፈቀደላቸው ክፍት ቦታ ላይ በደቦ ሰላጣ፣ ካሮትና ቆስጣ ያለማሉ። በበጋ የሚያጠጡት በአጠገባቸው ከሚያልፈው የከተማው የፍሳሽ ቦይ እየቀዱ ነው። ሰላጣው እንደሚያምርና ገዢ እንዳላጡ ይገልጻሉ። ሆኖም አንዳንድ ደንበኞች ስለ ውሃው መጠየቅ ስለ ጀመሩ፣ በሎሚና በአቼቶ ታጥቦ ከተበላ ምን ችግር አለው ብለውናል።

ችግር አለው፤ ደንበኞቻችሁም መጠየቃቸው ተገቢ ነው። አንድ ራስ ሰላጣ አንሡና ቅጠሎቹን ከውጭ ወደ ውስጥ አንድ በአንድ ገንጥሉ። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን፣ ነጣ ብሎ እንደ ማንኪያ የጎደጎደውን ሥር በጣታችሁ ብትዳስሱት ሻካራ ደቃቅ ጭቃ ታገኛላችሁ። ይህ ጭቃ ያጠጣችሁት ውሃ ያመጣው ወይም ውሃው መሬቱን ሲመታ የተፈናጠረው ነው። ቦዩ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚቀላቀልበት ከሆነ፣ እንደ አብዛኞቹ የከተማ ቦዮች መቀላቀሉም አይቀርምና፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ የወስፋት እንቁላል፣ አሜባ፣ የታይፎይድ ተሕዋስያንም ሊኖሩ ይችላሉ። ሎሚና አቼቶ የተሕዋስያኑን ቁጥር ይቀንሱ ይሆናል እንጂ የወስፋትን እንቁላል አይገድሉም። የእንቁላሉ ቅርፊት ጠንካራ በመሆኑ በረኪናን እንኳ ይቋቋማል፤ እርጥበትና ጥላ ባለው አፈር ውስጥም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የሚገድለው እሳት ነው፤ ሰላጣ ደግሞ እሳት አይነካውም።

ይህን ስንል ሥራውን አቁሙ ማለታችን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ የሚመክረው፣ ንጹሕ ውሃ በሌለበት ቦታ ከማሳ እስከ ገበታ ባለው መንገድ ላይ መከላከያዎችን መደራረብን ነው። ከሁሉ የሚቀለው መከላከያ የምታለሙትን መቀየር ነው። በቦይ ውሃ የሚለማው ሁሉ በስሎ የሚበላ ይሁን፤ የሐበሻ ጎመን፣ ድንች፣ ዱባ። ሰላጣንና ካሮትን ለቧንቧ፣ ለጉድጓድ ወይም ለዝናብ ውሃ ተዉአቸው። ሁለተኛው ውሃውን ማሳረፍ ነው። ሁለት ጉድጓድ ቆፍራችሁ በየተራ ብትሞሉ፣ ውሃውም ቢያንስ ሦስት ቀን ሳይነካ ቢቀመጥ፣ የትሎቹ እንቁላሎች ከውሃ ስለሚከብዱ አብዛኞቹ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ከላይ ሳታደፈርሱ ትቀዳላችሁ። ጉድጓዶቹ ግን መከደን አለባቸው፤ በባሕር ዳር ክፍት ውሃ አቁሮ መተው ለወባ ትንኝ ቤት መሥራት ነው። ሦስተኛው፣ ውሃውን ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ማፍሰስ፣ ከመሰብሰባችሁ በፊትም ጥቂት ቀናት ውሃ መከልከል ነው፤ ፀሐዩ ብዙ ተሕዋስያን ይገድላል።

ከቦዩ በላይ ፋብሪካ፣ ቆዳ ማልፊያ፣ ጋራዥ ወይም ባትሪ የሚታደስበት ቤት ፍሳሹን የሚለቅ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። እርሳስና ክሮሚየም በማጠብም በመቀቀልም አይወገዱም፤ በአፈሩ ውስጥ እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ ቦዩን ፈጽሞ ተዉት። ወደ ላይ በእግራችሁ ሄዳችሁ ምን እንደሚገባበት በዓይናችሁ ሳታዩ በሚቀጥለው በጋ አንድ ባልዲ እንኳ አትቅዱ።

ስለ ዝናብም አስቡ። ባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር የሆነ የአንዲት አባል ቤት ቆርቆሮ በ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ የ2000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። ሮቶ ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ዕቁብ የሚጣለው ግን ለእንዲህ ያለው ዕቃ ነው። አንድ ሮቶ በጋውን አያዘልቅም፤ ለአንድ መደብ ሰላጣ ግን ይረዳል። በባዶ እግር ቦይ ውስጥ የምትገቡ ካላችሁ ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ እናንተም ልጆቻችሁም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

ከፍኖተ ሰላም፦ የዕቃ እጣቢ ለማንጎ ዛፍ ይሆናል ወይ?

ይሆናል፤ በረኪና የገባበት ካልሆነ።

ከእንጅባራ፦ የምድጃ አመድ በየቀኑ እንጥላለን፤ ለጓሮ ይጠቅማል የሚሉም ይጎዳል የሚሉም አሉ፤ ማንን እንመን?

ሁለቱም እውነት አላቸው። የአገው ምድር ቀይ አፈር ብዙ ዝናብ ያጠበው አሲዳማ አፈር ነው፤ የእንጨት አመድ ደግሞ እንደ ኖራ አሲዱን ይቀንሳል፤ ፖታሲየምም ይጨምራል። ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ በስሱ በትናችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። በድንች መደብ ላይ ግን አታድርጉ፤ አሲዱ ሲቀንስ ድንቹን እከክ የመሰለ በሽታ በቀላሉ ይይዘዋል። ፌስታልና ፕላስቲክ ከተቃጠለበት ምድጃ የወጣ አመድ ወደ ጓሮ አይግባ። የድንች ዘር ለጠየቃችሁ፣ ጓሳና ዘንገና የተባሉት ዝርያዎች ከአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ስለሆኑ ለአካባቢው እንግዳ አይደሉም፤ የዘሩን ምንጭ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይነግራችኋል።

ከሞጣ፦ አንድ አባወራ በሌማት ትሩፋት ሰበብ ዶሮ ማርባት ጀምረው፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይዟቸው አንገታቸው እየተጠመዘዘ አለቁባቸው። የቀሩትን በምን መድኃኒት ላድን ይላሉ።

ምልክቱ የፈንግል ይመስላል። ለፈንግል የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ያለው ክትባት ነው፤ እሱም የሚሠራው ሳይታመሙ ሲሰጥ ነው። ክትባቱ በአገር ውስጥ፣ በቢሾፍቱ ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑ፣ ከተከፈተም በኋላ ስለማይቆይ፣ ጎረቤት ተነጋግሮ ዶሮውን በአንድ ቀን ማስከተብ ይሻላል። የሞቱትን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩ፤ ወደ ቦይ አይጣሉ። ለቀረው የእንስሳት ሐኪም ያነጋግሩ።

ከቡሬ፦ ወጣት ባልና ሚስት ከገጠር ቤተሰብ የሚላክላቸውን በቆሎ በሚተኙበት ክፍል ያስቀምጣሉ። ለነቀዙ ከገበያ የተገዛ ክኒን በጨርቅ ጠቅልለው ጆንያው ውስጥ ከትተዋል፤ ሽታው ስለ በዛባቸው ውሃ ቢረጩበት ይጠፋ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ውሃ በፍጹም አትርጩበት። ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሳይሆን አይቀርም፤ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ነቀዙን እንደሚገድል ሁሉ የተኛ ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ዛሬውኑ ከክፍሉ ውጡ፤ ሕፃን ካለ አስቀድማችሁ አውጡ። በርና መስኮቱ ይከፈት። ጆንያውን ራሳችሁ አትፍቱ፤ የግብርና ጽሕፈት ቤቱን የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ጥሩ፤ እስኪመጣም ማንም ወደ ክፍሉ አይግባ። ራስ ምታት፣ ማስታወክ ወይም የደረት መጨነቅ ከተሰማችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ለሐኪሙም የክኒኑን ነገር ንገሩት። ይህን ምክር ለማንበብ ብቻ አትውሰዱት፤ ፈጽሙት።

ለወደፊቱ ፒክስ የሚባለውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ግዙ። በሚገባ የደረቀ እህል ሞልታችሁ እያንዳንዱን ድርብ ለየብቻ ስታስሩት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መርዝ አያስፈልግም። እህሉ መድረቁን ለማወቅ ጥቂት በቆሎ ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከትታችሁ ነቅንቁትና ጥቂት ደቂቃ አሳርፉት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና ነው፤ ፀሐይ ላይ ይመለስ።

ከዳንግላ፦ የአንድ ዕድር አባላት በዕድሩ ክፍት ቦታ ላይ አትክልት በጋራ አልምተው፣ ሥራው በደቦ ሲሄድ ቆይቶ ምርቱ ሲደርስ ተጣሉ። አንዳንዱ ለሁሉም እኩል ይከፈል ይላል፤ ሌላው የሠራ ይብላ ይላል።

የዘንድሮውን እኩል ተካፈሉ፤ ሳትነጋገሩ የዘራችሁትን አሁን በሥራ ልክ መመዘን ጠብ ከማብዛት በቀር መፍትሔ አይሆንም። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ዘር ሳይገዛ ተሰብሰቡና ሦስት ነገር በዕድሩ መዝገብ ጻፉ፦ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚከፍል፣ ከምርቱ ለዕድሩ ሣጥንና ለአቅመ ደካሞች ስንት እጅ እንደሚወጣ። በደብዳቤያችሁ እንደምናየው የጠቡ መነሻ ውሃ ማጠጣቱ ስለሆነ፣ የእሑዱን ተራ ሳትጽፉ እንዳትነሡ።