የእኛ ክረምት፣ የእነሱ በጋ

ባሕር ዳር ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ አስፋልት ላይ ስኬትቦርድ (አራት ጎማ ያለው፣ ቆመው የሚነዱት ጣውላ) ስነዳ ያያችሁኝ ሰዎች «በዚህ ዕድሜህ ምን ነካህ?» ብላችሁኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ካልጋሪ፣ ካናዳ ነው። እዚያ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ቅዳሜና እሑድ በስኖውቦርድ በረዶ ላይ ነኝ። ፈቃዴን የምወስደው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነዋ። በረዶ በሌለባቸው ወራት እግሬ ሥራውን እንዳይረሳ ስኬትቦርዱን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ እመጣለሁ። ጥያቄ ያለው ያምጣ ብዬ ነበር። ጎርፍ ሆነብኝ።

ስኖውቦርድ ያ ሁለት ዘንግ ይዘው የሚንሸራተቱበት ነው?

አይ፣ ያ ስኪ ነው፤ እያንዳንዱ እግር በየራሱ ቀጭን ጣውላ ላይ ነው። ስኖውቦርድ አንድ ሰፊ ጣውላ ነው። ሁለቱም እግሮችህ እሱ ላይ ይታሰራሉ፤ በጎንህ ቆመህ ትወርዳለህ። ዘንግ የለም። በ1965 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሸርማን ፖፐን የሚባል የሚሺጋን ሰው ለልጁ መጫወቻ ብሎ ሁለት ስኪ አጣመረ፤ ከዚያ ነው የተነሳው። ኦሊምፒክ የገባው በ1998 ናጋኖ፣ ጃፓን ላይ ነው።

ታዲያ አስፋልት ላይ መንዳት ለበረዶ ምን ይረዳል?

ብዙ። ሰው ግን የሚያስበው ዝላዩን ነው። እኔ ትልቁ ጥቅሙ ፍርሃት ላይ ነው እላለሁ።

ቁልቁለት ስታይ ሰውነትህ አንተን ሳያማክር ወደ ኋላ ይሸሻል። ከደጀን ወደ ዓባይ በእግሩ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ተረከዝህን ትተክላለህ፣ ቂጥህን ወደ ኋላ ትጥላለህ። በእግር ሲሆን ያዋጣል። ስኖውቦርድ ላይ ግን ክብደትህ የኋላ እግርህ ላይ ካረፈ የፊተኛው ጫፍ ይቀልና አልታጠፍም ይላል። ሳይታጠፍ ሲቀር ፍጥነቱ ይጨምራል። ሲፈጥን ትፈራለህ፣ ስትፈራ ደግሞ ይበልጥ ወደ ኋላ ትሸሻለህ። ይህን ጥፋት ይዘው ሦስት ዓመት የተንሸራተቱ ሰዎች አውቃለሁ። በረዶ ይታገሣል።

አስፋልት አይታገሥም። ስኬትቦርድ ላይ ወደ ኋላ ከተደገፍህ ጣውላው ከሥርህ አፈትልኮ ይሄዳል፤ አንተ በጀርባህ። ሦስት ዓመት የፈጀው ትምህርት በአንድ ጠዋት ያልቃል።

ሌላው ዐይን ነው። ወደምታየው ትሄዳለህ። እኔ ጉድጓዱን እያየሁ ከጉድጓዱ ያመለጥሁበት ቀን የለም። መጀመሪያ ዐይን፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ከዚያ ዳሌ፤ ጣውላው ራሱ ይከተላል። በረዶ ላይም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። በጣትህና በተረከዝህ ተራ በተራ እየተጫንህ መታጠፉም እንዲሁ።

የማይረዳውስ?

ይህን የጠየቀች ልጅ ትባረክ፤ ማንም አይጠይቅም። ስኬትቦርድ ሲከዳህ ዘልለህ ወርደህ ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጠህ ትቆማለህ። እግርህ ይህን ይለምዳል። ስኖውቦርድ ግን ታስሮብሃል፤ ዘልለህ የት ትሄዳለህ? እኔ አንድ ክረምት ሙሉ እዚህ ነድቼ በተመለስሁ በመጀመሪያው ቀን፣ ሚዛኔ ሲዛነፍ እንደ ልማዴ ልዘል ሞከርሁ። እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው የተጋደምሁት።

ሁለተኛ፣ ስኖውቦርድ ዙሪያውን የብረት ጠርዝ አለው። የምትይዘው በዳገቱ በኩል ባለው ጠርዝ ነው። የቁልቁለቱ ጠርዝ ድንገት በረዶውን ከነከሰ መሬት ላይ ይፈጠፍጥሻል። ስኬትቦርድ እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ ስለዚህ አያስተምርሽም። ዝላዩም ይለያል። አስፋልት ላይ የኋላውን ጫፍ መሬት አስመትተሽ የፊት እግርሽን እየጎተትሽ ነው የምትነሺው። በረዶ ላይ ጣውላው ራሱ እንደ ቀስት ታጥፎ ያነሣሻል።

የትኛው እግር ነው የሚቀድመው?

ካልሲ አድርገህ ልሙጥ ወለል ላይ ሮጠህ ተንሸራተት። ሳታስብበት የቀደመው እግር እሱ ነው። ግራ ከሆነ ሬጉላር፣ ቀኝ ከሆነ ጉፊ ይሉታል። ሁለቱም ትክክል ነው። በረዶ ላይም በዚያው ቁም።

ቤታችን በር ላይ ኮብልስቶን ነው። ይሆናል?

አይሆንም። ጥርስህን ነው የምታረግፈው።

የተሰነጣጠቀ አስፋልትስ?

በጎማው ይወሰናል። ብዙ ልጆች ከውጭ የሚላክላቸው 52 ሚሊሜትር የሆነ ጠንካራ ጎማ ያለው ነው። እሱ ለልሙጥ ሲሚንቶ ነው የተሠራ። እዚህ አንዲት ጠጠር ትበቃዋለች፤ ጎማው ቀጥ ይላል፣ አንተ ትቀጥላለህ። 60 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ላዩ ላይ 78ኤ የሚል ለስላሳ ጎማ አስልክ። ጠጠሩን ውጦ ያልፋል።

ሲታጠፍ እንቢ ይለኛል።

ገልብጠው። ጎማዎቹን በያዘው ብረት መሐል ትልቅ ዳዶ አለ። በቁልፍ ግማሽ ዙር አላላና ሞክር። አሁንም ከደረቀ ሌላ ግማሽ ዙር። ጎማው ጣውላውን መንካት ከጀመረ አብዝተሃል፤ መልሰህ አጥብቅ። ለስኖውቦርድ ልምምድ ላላ ያለ ይሻላል፤ ጎንህን ጣል ስታደርግ አብሮህ መዞር አለበት። ሰርፍስኬት የሚባል ዓይነትም አለ፤ የፊት ጎማው በጣም ስለሚዞር እግር መሬት ሳይነካ በሰውነት ውዝዋዜ ብቻ ይሄዳል። ገንዘብ ያለው እሱን ይግዛ። እኔ የለኝም።

ዝናብ ከመታው ደግሞ ኩሽኔታውን አውጥተህ ጥረግ፣ አድርቅ፣ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርግበት። ግራሶ አትቀባ። ግራሶ ያዘገየዋል፤ አቧራም ይሰበስባል። አንዱ ጎረምሳ እንደ ባጃጅ ጎማ በግራሶ ሞልቶ አምጥቶልኝ ነበር፤ ከመግፋት መሸከም ይቀል ነበር።

ደብረ ማርቆስ ልጅ ሆነን በኩሽኔታ ጋሪ ሠርተን ቁልቁለት እንወርድ ነበር። እሱ አይተካም?

ያገሬ ልጅ! እኔም ያደግሁት እዚያው ማርቆስ ነው፤ በዚያ ጋሪ የተላጠ ክርኔ ዛሬም ጠባሳው አለ። ፍጥነት አያስፈራህም፤ እሱ ትርፍ ነው። ግን ተቀምጠህ ነው የምትነዳው፤ ሚዛን አያስተምርም። ስኬትቦርድ ከሌለህ አንድ ሜትር ገደማ ጣውላ ፈልግ፣ ሥሩ አጭር ድቡልቡል ግንድ አድርግና ግድግዳ አጠገብ ቆመህ ተወዛወዝ። በጎንህ ቁም፤ ጉልበትህን ሰበር አድርግ። ጣና ላይ ታንኳ ውስጥ ብድግ ብሎ የቆመ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ልጄ ኖርዌይ ነው። ስኬትቦርድ ካልገዛሁ ብሎ አስቸግሮኛል። አጥንቱ ቢሰበርስ?

እትዬ፣ ስጋትዎ እውነት ነው፤ አላስተባብልም። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ አብሮ ይግዛ ይበሉት። በስኖውቦርድ ጀማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው፤ ሲወድቁ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። እጁን ጨብጦ፣ በክንዱና በትከሻው ተንከባልሎ መውደቅን ሣር ላይ ይለማመድ። እጁ ካበጠ ደግሞ መጀመሪያ ራጅ። እኔ አንድ ጊዜ ዘመድ አሸንፎኝ ቀድሜ ወጌሻ ጋ ሄድሁ። አጥንቴ ተሰንጥቆ ነበር፤ እሱ ላይ ታሸሁ። ያን ቀን የጮኽሁት ጩኸት ዘጌ ሳይሰማ አልቀረም።

ጮቄ ላይ ለምን አይሆንም? በረዶ አለው እኮ።

ቋንቋችን ነው ያሳሳተህ። እኛ ከሰማይ እየደበደበ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደውንም በረዶ እንላለን። ስኖውቦርድ የሚፈልገው ባዘቶውን ነው። ጮቄ የሚያገኘው ጠጠሩንና ውርጩን ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል። ከፍታው እኮ አያንሰውም፤ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። እኔ የምሄድበት ሰንሻይን የሚባለው የባንፍ ተራራ ጫፉ 2,730 ሜትር ነው። ግን ጮቄ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ክረምቱም ዝናብ እንጂ ብርድ አይደለም። ከአፍሪካ ካልሄድሁ ካልህ ሞሮኮ ኡካይመደን አለ፤ ሌሴቶ ደግሞ አፍሪስኪ። የሌሴቶው ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል።

ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው?

ሮቤል ተክለማርያምን አስታውሱ። በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳደረ፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያችን ነው። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። አገር ቤት ሲሆን ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም ማለት ነው። ለስኬትቦርድም አዲስ አበባ ከ2016 ጀምሮ በነፃ የሚገባበት ሜዳ አላት። ባሕር ዳር ገና ነን።

ሁለቱንም በደንብ የሠራ ሰው አለ?

አዩሙ ሂራኖ የሚባል ጃፓናዊ አለ። በነሐሴ 2021 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ በስኬትቦርድ ተወዳደረ። ስድስት ወር ቆይቶ በየካቲት 2022 ቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ በስኖውቦርድ ወርቅ ወሰደ። በስኬትቦርዱ ሜዳሊያ አላገኘም፤ ግድ የሰጠው አይመስለኝም።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ብንነዳስ?

380 ሜትር ልሙጥ አስፋልት! ባለፍሁ ቁጥር ምራቄን እውጣለሁ። ግን አይሆንም፤ የመኪና መንገድ ነው።

የት እናግኝህ?

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ጣና ዳር፣ ዘንባባዎቹ ሥር ባለው ልሙጥ ቦታ። ሦስት ሰዓት ሲሆን እግረኛው ስለሚበዛ እናቆማለን። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ አትምጡ። ጓንት ያለው ጓንት ይዞ ይምጣ፤ ተርፎኝ የማውሰው አንድ ሄልሜት ብቻ ነው፣ እሱንም ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።