ስላይደሩ ከመነካቱ በፊት

ጥያቄ፦ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። 50 ተማሪዎችና 12 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አሉን። ኢንተርኔት የለም፤ መብራትም ይጠፋል። የኳድራቲክ ፈንክሽን ግራፍን ጂኦጀብራ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ባሳያቸውም ፈተና ላይ ይሳሳታሉ። ምን ላድርግ?
መምህር፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የኢንተርኔቱ ነገር አያሳስብዎ። ጂኦጀብራ ክላሲክን አንዴ በፍላሽ ካመጡና ከጫኑ ያለ ኔት ይሠራል፤ ለማስተማሪያም አያስከፍልም። ተማሪዎቹን ለሁለት ይክፈሉ፤ 25ቱ ሁለት ሁለት (አንዱ ላይ ብቻ ሦስት) ሆነው ኮምፒውተር ላይ፣ የቀሩት ደብተር ላይ ይሥሩ። በፔሬዱ አጋማሽ ይቀያየሩ።

ዋናው ችግር ግን ወዲህ ነው፦ ተማሪው ስላይደር (የፈንክሽኑን ቁጥሮች የሚቀይረውን ተንሸራታች) ሲጎትት ዓይኑ ያያል እንጂ አእምሮው አይሠራም። ስለዚህ ማውስ ከመንካቱ በፊት ግምቱን በእስክሪብቶ ይጻፍ። መብራት ቢጠፋም ወረቀቱ እጁ ላይ ይቀራል።

ለምሳሌ በ y = ax² + bx + c ላይ «ኤ» (a) 1፣ «ሲ» (c) 0 ይሁኑ። «ቢ» 2 ሲሆን የግራፉ ጫፍ የት ይውላል? 4 ሲሆንስ? ብዙዎቹ «ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል» ብለው ይጽፋሉ። ሲያሰሉት (−1፣ −1) እና (−2፣ −4) ያገኛሉ፤ ጫፉ ወደ ግራ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ወርዷል። አሁን ስላይደሩን ይክፈቱ። በኤክስትሪመም ትእዛዝ ጫፉን ነጥብ ያድርጉትና ትሬሱን (የነጥቡን ዱካ የሚያሳየውን) ያብሩ። «ቢ» ከ−5 እስከ 5 ሲሄድ ነጥቡ የተገለበጠ ፓራቦላ (የኳድራቲክ ግራፍ ቅርጽ) ይሥላል። ግምቱን በጻፈ ተማሪ ላይ ይህ ስዕል የሚያሳድረውን ግርምት ሌላ ማስተማሪያ አይተካውም። «ኤ»ን 0 ላይ ማቆምም አይርሱ፤ ፓራቦላው ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ ጫፉም ይጠፋል። ለምን እንደጠፋ ራሳቸው ይመልሱ።

ግራፉ የተጨፈለቀ ከመሰለ የሁለቱ አክሲስ ምጣኔ ተዛብቷል። ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው 1፡1 ያድርጉት፤ አለዚያ ክብ ሞላላ ይመስላል። በትሪጎኖሜትሪ ደግሞ ከ30 ኋላ የዲግሪ ምልክት ካልተጻፈ ጂኦጀብራ ራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) አድርጎ ይወስደዋልና የሳይን መልስ 0.5 መሆኑ ቀርቶ −0.988 ገደማ ይወጣል።

ኤክሴል የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ −3^2 ቢጻፍ 9 ይላል፤ የሒሳብ ደንቡ ግን −9 ነው። ኤክሴል መቀነሱን ከፓወሩ ያስቀድማል። −(3^2) ብለው በቅንፍ ያስጽፏቸው።