ጥቁሩ ኮት ለምን ያብረቀርቃል?

የዚህ ወር ጥያቄዎች በሙሉ ማለት ይቻላል እርሳስ ላይ ናቸው። በተለይ ብልጭታው አስቸግሯችኋል። እኔም ከፎቶ እያየሁ የሰው ምስል በእርሳስ በመሥራት ስለምተዳደር ነገሩ የዕለት ተዕለት ጣጣዬ ነው። እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የሟች አያቴን ፎቶ አይቼ በ8ቢ እርሳስ እየሠራሁ ነው። ፊታቸው ጥሩ መጣልኝ፤ ኮታቸው ግን ጉድ ሠራኝ። ጥቁር እንዲሆንልኝ ጫን ብዬ ቀባሁት። ፊት ለፊት ሳየው ግራጫ ነው፤ ከጎን ሳየው ደግሞ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። የሸጡልኝ እርሳስ ፎርጅድ ይሆን? *(ተማሪ፣ ከሐዋሳ)*

መልስ፦ ፎርጅድ አይደለም፣ ልጄ። እንዲያውም ደህና እርሳስ ስለሆነ ነው ያብረቀረቀው።

የእርሳስ ልቡ ግራፋይትና የሸክላ አፈር ተቀላቅለው በእሳት የተጋገሩበት ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1795 ያስመዘገበው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። አገሩ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረች ጥሩው የእንግሊዝ ግራፋይት አልደርስ አላት። እሱ ታዲያ የተገኘውን የግራፋይት ዱቄት በሸክላ አፈር አብቃቃው። ዛሬም የምንጠቀመው ያንኑ ነው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ይነጣል፤ ኤች የሚባለው ወገን ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ ቢ የሚባለው ነው። ከቢ በፊት ያለው ቁጥር ሲጨምር ጥቁረቱም ይጨምራል፤ ኤችቢ የሚባለው መሐል ላይ ያለው ነው።

ችግሩ ያለው ግራፋይቱ ጋ ነው። ግራፋይት ካርቦን ነው፤ ካርቦኑ ግን በጣም ስስ በሆኑ ንጣፎች ተደራርቦ ነው የተቀመጠው። እርሳሱን ወረቀት ላይ ስታስኬጂው ንጣፎቹ እየተንሸራተቱ ይለቃሉ። እጅሽን ቀለል አድርገሽ ከሠራሽ የወረቀቱ ሸካራ ላይ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ዘንበል ብሎ ያርፋል፤ ብርሃኑም ይበታተናል። ጫን ስትዪ ግን የወረቀቱ ጉድጓድ ሁሉ ይሞላል፣ ንጣፎቹም ተደፍጥጠው ባንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። ያኔ ብርሃኑን ሰብስበው ዓይንሽ ላይ ይመልሱታል። አንቺ ጥቁረት ለመጨመር በተጫንሽ ቁጥር የጨመርሽው ብልጭታ ነው። 8ቢ ደግሞ ግራፋይቱ የበዛ ስለሆነ ይብስበታል።

ጣትሽን ተጠቅመሽ አሽተሽው ከሆነ ደግሞ የቆዳሽ ቅባት ተጨምሮበታል። ይህን የማያደርግ ጀማሪ አላየሁም። ለማለስለስ ደረቅ ብሩሽ ወይም የተጠቀለለ ሶፍት ይሻላል።

አሁን ኮቱን እናድነው። ማሸት የለም። እንደ ሊጥ የሚለወሰውን ላጲስ ካገኘሽ እያሾልሽ ጫን፣ ነሳ እያደረግሽ ግራፋይቱን አንሺው። መፋቅ አይደለም፤ ብትፍቂው ይብሱን ይለሰልሳል። ከላይ ያለው ሲነሳ ብልጭታው ይቀንሳል። የወረቀቱ ሸካራ ከተደፈጠጠ ግን ተመልሶ አይነሳም፤ ይህን አልደብቅሽም። ስለዚህ ኮቱን በሙሉ ላጥቁር አትበዪ። ፎቶውን ደግመሽ እዪው። ጥቁር ኮት ድፍን ጥቁር የሚሆነው የአንገቱ እጥፋት ሥር፣ ብብቱ አካባቢ፣ የእጅጌው ስብራት ውስጥ ብቻ ነው። ሌላው ጥቁር ግራጫ ነው። እነዚያን ቦታዎች ብቻ ብልጭታው ዝቅ ባለ እርሳስ ንኪያቸው። የትኛው እርሳስ እንደሆነ ቀጥሎ ያለው መልስ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ሥዕል ይማራል። «አክስቴ፣ የማያብረቀርቅ እርሳስ ላኪልኝ» ብሎኛል። ሱቅ ብገባ ዓይነቱ ብዛቱ! ሻጩም የሚያውቅ አልመሰለኝም። የትኛውን ልግዛለት? *(አክስት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)*

መልስ፦ እርስዎን የመሰለች አክስት ይብዛልን። ሁለት ስም ይያዙ፤ ሁለቱም የጀርመን ናቸው።

አንደኛው ስቴድለር ማርስ ሉሞግራፍ ብላክ ነው። ልቡ ውስጥ ካርቦን በብዛት ገብቶበታል። የዚህ ዓይነቱ ካርቦን የጥላሸት ዘመድ ነው። ቅንጣቱ ደቃቅ ነው፣ እንደ ግራፋይት የሚጋደም ንጣፍ ስለሌለው ብርሃን አይመልስም፣ ይውጠዋል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም በጥላሸት ሲሠሩ የኖሩት ለዚህ ብለው ባይሆንም ውጤቱን ያዩታል፤ የድሮ ብራና ሲገልጡ ፊደሉ የግራፋይት ዓይነት የብር መልክ የለውም። እርሳሱ ከኤችቢ ጀምሮ 2ቢ፣ 4ቢ፣ 6ቢ፣ 7ቢ እያለ እስከ 8ቢ ስድስት ደረጃ አለው። ሲገዙ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ይኸው ፋብሪካ ሰማያዊውን ተራ ሉሞግራፍም ይሠራል፤ ሰው አንዱን ባንዱ ይለውጣል። ብላክ የሚለውን ቃል፣ ካልሆነም 100ቢ የሚለውን መለያ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ፋበር ካስቴል ፒት ግራፋይት ማት ነው፤ ማት ማለት የማያብረቀርቅ ማለት ነው። ስምንት ደረጃ አለው፤ ከኤችቢ እስከ 14ቢ ይሄዳል። 14ቢ የሚል ቁጥር ሳይ መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን ቀልድ አይደለም።

የቱ ይሻላል? በእኔ እጅ ሉሞግራፍ ብላክ ወደ ከሰል ያደላል። ቶሎ ይጠቁራል፣ ኤችቢው ራሱ ከተራ ኤችቢ ጠቆር ይላል፣ ለላጲስ ግን እሺ አይልም። ፒት ማት ጠባዩ ወደ ግራፋይት ይቀርባል፤ ቀስ እያሉ ጥላ ለሚደራርብ ሰው ይመቻል። ልጁ ገና ተማሪ ከሆነ ፒት ማትን ይላኩለት።

ሙሉውን ቆርቆሮ ሳጥን ግን አይግዙ። ሳጥኑ ያምራል፣ ገንዘቡ ግን ይባክናል። ግማሾቹን አይነካቸውም። በነጠላ የሚሸጥ ቦታ ካገኙ 4ቢ፣ 8ቢና 14ቢ ይበቃሉ። ከ14ቢው ሁለት ያድርጉለት፤ ቶሎ ነው የሚያልቀው። በተረፈው ያንን የሚለወስ ላጲስ ይጨምሩለት። ሻንጣ ውስጥ ሲያስገቡ ልብስ መሐል ጠቅልለው ይክተቱት። ልቡ ለስላሳ ስለሆነ ከውስጥ ከተሰበረ በቀረጸው ቁጥር እየወደቀ ያናድደዋል። መቅረጫም ይሰብረዋል፤ በምላጭ ቀስ እያደረገ እንዲቀርጸው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ማት እርሳስ በስንት መከራ አገኘሁ። አሁን ደግሞ ከተራው እርሳሴ ጋር አልዋሃድ አለኝ። ጥቁሩ የሚያልቅበትና ግራጫው የሚጀምርበት ቦታ ጠጋኝ የተሰፋበት ይመስላል። ወይ ሁሉንም በማት ልሥራው? *(ከባሕር ዳር)*

መልስ፦ ሁሉንም በማት መሥራት ይቻላል፣ የሚሠሩም አሉ። እኔ ግን አልወደውም። የፊት ቆዳ ላይ ያለው ስስ ጥላ፣ ከጉንጭ ወደ አገጭ የምትወርደው ነገር፣ በተራ ኤችቢና 2ቢ ነው የሚያምረው። ግራፋይት ቀስ ተብሎ ሲሠራ ከማንም አያንስም፤ ብልጭታውም የሚመጣው ሲጫኑት ነው ብለናል። የእኛ ሰው ፊት ደግሞ ግንባሩ ላይ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ፣ ጉንጩ አጥንት ላይ የራሱ ብርሃን አለው። ያንን ብርሃን ከወረቀቱ ንጣት ነው የምናወጣው። አጠገቡ ያለው ጥላ በተደፈጠጠ ግራፋይት ከተሠራ እሱም ያበራና ሁለቱ ይጣላሉ። ተመልካቹ ፊቱ ላብ ያሰመጠው ይመስለዋል። ማት እርሳስ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። የዓይን ብሌን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የከንፈር መገጣጠሚያ፣ የአንገት ሥር ጥላ በማት፤ ሌላው በተራው።

የጠጋኙ ነገር ሁለት ምክንያት አለው።

አንዱ ቅደም ተከተል ነው። ግራፋይቱን በደንብ ከሞላህ በኋላ በላዩ ካርቦን ያለበት እርሳስ ስታመጣ ይንሸራተታል፣ አይይዝም፣ ይቦረቡራል። ስለዚህ በጣም ጥቁር የሚሆነውን ቦታ አስቀድመህ ለይና ማቱን መጀመሪያ አስቀምጠው፣ በባዶው ወረቀት ላይ። ግራፋይቱ በኋላ እየተጠጋው ይምጣ።

ሁለተኛው የቁጥር ርቀት ነው። 14ቢ ማት አጠገብ ተራ ኤችቢ ብታስቀምጥ እንዴት ይዋሃዳሉ? አንዱ ድፍን ጥቁር፣ አንዱ የብር መልክ ያለው ግራጫ። መሐላቸው 4ቢ ማት አስገባና ቀለል ባለ እጅ ወደ ግራጫው ድረስ ግፋው። ተራውን ደግሞ ከዚያኛው ወገን አምጥተህ በላዩ በስሱ አሳልፈው። መደራረቡ ሰፋ ሲል ስፌቱ አይታወቅም።

ጎፈሬ ስትሠራ ደግሞ ደስታህን ታያለህ። አብዛኛው ሰው ጸጉሩን አንድ በአንድ እየሳለ ይለፋል። መጀመሪያ የጸጉሩን ውስጠኛ ጥላ በ8ቢ ማት በስሱ አልብሰው፣ ዳር ዳሩን ፈዘዝ አድርገህ ተወው። ከዚያ በሚለወሰው ላጲስ ጫፍ ነካ ነካ እያደረግህ ብርሃን ያረፈበትን አውጣ። ከላይ ጥቂት ጥቅልል በተሾለ 2ቢ ብትጨምርበት በቃ። ነጠላ ወይም ነጭ ቀሚስ አጠገቡ ካለ ግን እጅህ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርግ። ማት እርሳስ አቧራው አያድርስ ነው።

ወረቀቱን አልነገርከኝም። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከሆነ፣ ሁለቱም እርሳሶች አያወጡህም። ሸካራው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላና መጫን ትጀምራለህ። ጥፍርህን ብታስኬድበት ኮርኮር የሚል ወፍራም የሥዕል ወረቀት ፈልግ። አዲስ እርሳስ ወይም ወረቀት በገዛህ ቁጥር ሁለት ትንንሽ ካሬ ሥራ፤ አንዱን በስሱ ደራርበህ፣ አንዱን ተጭነህ። መስኮት አጠገብ ሄደህ ወረቀቱን አጋድመህ እየው። የማስታወቂያውን ወሬ ከመስማት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ከሚሆን በከሰል ብሠራስ? ቤት ሞልቷል። *(ከአዳማ)*

መልስ፦ የምድጃ ከሰል ማለትዎ ከሆነ ይቅርብዎ። ጠንካራ ነው፣ ወረቀት ይቧጭራል፣ አንዱ ቦታ ይጥቁርና አንዱ ቦታ እምቢ ይላል። የሥዕል ከሰል ከቀጫጭን ቅርንጫፍ በጥንቃቄ የሚከስል ሌላ ዕቃ ነው። እሱ በእውነት አያብረቀርቅም፤ ለትልቅ ወረቀት ከማንኛውም እርሳስ አስበልጠዋለሁ። ለጉርድ ፎቶ መጠን ላለ ፊት ግን ጫፉ አይሾልልዎትም፣ እፍ ሲሉትም ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ቴሌግራም ላይ ለመልቀቅ በስልክ ፎቶ ሳነሳው ጥቁሩ ሁሉ ነጭ ይሆናል። አንድ ጓደኛዬ የጸጉር ስፕሬይ ንፋበት፣ ይጠፋል አለኝ። እውነት ነው? *(ከድሬዳዋ)*

መልስ፦ ስፕሬዩን ለጸጉር ተወው። እየቆየ ወረቀቱን ያቢጫል፣ አንዳንዴም እየተንጠባጠበ ነጠብጣብ ይተዋል። ለሥዕል ተብሎ የተሠራ ማት ስፕሬይ አለ። ብልጭታውን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ እርሳሱ እንዳይለቅም ይይዛል። የተደፈጠጠ ግራፋይትን ግን እሱም አያድነውም። ከነፋህበት በኋላ በላጲስ ማረም ስለማይሆንልህ መጨረሻ ላይ ብቻ ተጠቀምበት፣ ደጅ ወጥተህ።

የፎቶው ነገር የብርሃን አቅጣጫ ነው። የስልኩን ፍላሽ አጥፋ። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርገህ ለጥፈው፣ መስኮቱ በግራህ ወይም በቀኝህ በሰያፍ ይሁን። ከኋላህ ወይም ከራስህ በላይ የሚመጣ መብራት ካለ አጥፋው፤ ወደ ሌንሱ የሚመለሰው እሱ ነው። የሚመቸው ደመናማ ቀን ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ከገባች ነጭ መጋረጃ ጋርድባት። ትንሽ ራቅ ብለህ በዙም አንሳው። አሁንም አንድ ቦታ ላይ ከነጣ ሥዕሉን ሳይሆን አንተ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ፈቀቅ በልና ስክሪኑ ላይ እየው። ብልጭታው የሚጠፋበትን ቦታ ታገኛለህ። ያ ቦታ ዳር ላይ ሆኖ ሥዕሉ ከተንጋደደብህ በስልኩ ማረሚያ አቅናው።