በጋራ ወርክሾፕ ሰርኪውት ቦርድ ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ፋይል ልኮ ያለቀለት ሰርኪውት ቦርድ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን በመዳብ መስመሮች የሚያገናኝ ሰሌዳ፣ ከፋብሪካ መቀበል በሚቻልበት በዚህ ዘመን፣ በጋራ ወርክሾፕ ውስጥ ጓንት አጥልቆ መዳብ ማሟሟት ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ እሰማለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፋብሪካው ግን በንድፋችሁ ውስጥ ያለውን ስሕተት አሳምሮ ሠርቶ ይመልስላችኋል እንጂ ሐሳባችሁ ትክክል መሆኑን አይጠይቃችሁም። በጋራ ወርክሾፕ ንድፋችሁን ሌላ ሰው ያየዋል፤ ዕቃውም እስከ ምን ድረስ እንደሚችል በገዛ እጃችሁ ታውቁታላችሁ። ኢንጂነር ፖል አይስለር እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ውስጥ የታተመ ሰርኪውት ያለው ሬዲዮ ሲሠራ የተጠቀመበት ሐሳብ፣ ማለትም መዳብን በማያስተላልፍ ሰሌዳ ላይ አድርጎ መስመሮቹን ማስቀረት፣ ዛሬም ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ነው።

ንድፉን በኮምፒውተር እንደጨረሳችሁ ወደ መዳቡ አትቸኩሉ። በተራ ወረቀት በትክክለኛ መጠኑ አትሙትና ያሏችሁን ዕቃዎች በታተሙት ፓዶች (እግሮቻቸው በሚበየዱባቸው የመዳብ ነጥቦች) ላይ አስቀምጧቸው። በተለመደው አይሲ (ብዙ እግር ያለው የተቀናጀ ሰርኪውት) እግሮች መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። ፕሪንተሩ ገጹን ለማስማማት ብሎ በትንሹ ካሳነሰው በመጀመሪያዎቹ እግሮች ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ባለ 40 እግር አይሲ ላይ ግን የመጨረሻው እግር ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም። ቶነርን፣ ማለትም መስመሮቹን ከሚያሟሟው ፈሳሽ የሚከላከለውን የሌዘር ፕሪንተር ቀለም፣ በካውያ ወይም በላሚኔተር ወደ መዳቡ የምታዛውሩ ከሆነ ደግሞ በንድፉ የመዳብ ገጽ ላይ አንድ ቃል ጻፉ። ቃሉ በወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ከታየ፣ በቦርዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ከዚያ ወረቀቱን አጠገባችሁ ላለ ሰው ስጡና ኃይሉ ከየት ገብቶ በየት እንደሚያልፍ በጣታችሁ እያሳያችሁ አስረዱት። ሥራችሁን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለውን ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ የአይሲውን ኃይል የሚያረጋጋ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከአይሲው የኃይል እግር ይህን ያህል ለምን ራቀ? ይህ መስመር እዚህ ላይ ለምን ተቋረጠ? ለእኔ የጋራ ወርክሾፕ ትልቁ ሀብት ከመሣሪያዎቹ ይልቅ ይህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሌላውን ወረቀት ለማየት ስትጠየቁ ሥራ በዝቶብኛል አትበሉ።

በተለመደው ቦርድ ላይ ያለው መዳብ 35 ማይክሮን ያህል ውፍረት ብቻ ነው ያለው። መዳቡን የሚያሟሟው ፈሳሽ፣ ፌሪክ ክሎራይድ፣ ይህን መዳብ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይበላዋል፤ ቀጭን መስመር የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ለመጀመሪያ ሥራችሁ 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን መስመሮች ተጠቀሙ። መዳቡን በደንብ ፈትጋችሁ ካጸዳችሁ በኋላ በጣታችሁ አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ባረፈበት ቦታ ቶነሩ አይዝም። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ከግራውንድ (ከሰርኪውቱ የጋራ ዜሮ ቮልት መስመር) ጋር በተያያዘ መዳብ ከሞላችሁት ፈሳሹ የሚበላው መዳብ ይቀንሳል፤ የጋራው ፈሳሽም ለሚቀጥለው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

በዚህ ፈሳሽ ነገር ልመናዬ ጠንከር ያለ ነው። ያገለገለው ፈሳሽ የሟሟ መዳብ ይዟል፤ መዳብ ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታትን ስለሚጎዳ ወደ ማፍሰሻ ፈጽሞ አይደፋም። ስሙና ቀኑ በተጻፈበት ፕላስቲክ ዕቃ ይጠራቀምና እንደ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከብ አካል ይሰጥ። በፌሪክ ክሎራይድ ፈንታ የምትጠቀሙት ሌላውን መዳብ የሚያሟሟ ኬሚካል፣ ሶዲየም ፐርሰልፌትን፣ ከሆነ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ። ፌሪክ ክሎራይድ ብረትንም ስለሚበላ የብረት መቆንጠጫ አታስገቡበት፤ መከላከያ መነጽራችሁንም አታውልቁ።

ለዕቃዎቹ እግሮች ቀዳዳ ስትበሱም የቦርዱ የፋይበር ግላስ ብናኝ ወደ ሳንባችሁ እንዳይገባ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። 0.8 ሚሊ ሜትር የካርባይድ መሰርሰሪያ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ወደ ጎን ከተገፋ ወዲያው ይሰበራል፤ ስለዚህ በእጅ ከመያዝ ይልቅ በቋሚ ድሪል ተጠቀሙ። ከተሰበረባችሁም ለኃላፊው ንገሩ፤ ቀጣዩ ሰው በባዶ ሣጥን ጊዜውን እንዳያጠፋ።

ቦርዱ ካለቀ በኋላ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በማጉያ መነጽር እዩት። በሁለት መስመሮች መካከል የቀረች እንደ ፀጉር የቀጠነች መዳብ ከቦርዱ ጀርባ በሚመጣው ብርሃን ጥቁር ክር ሆና ትታያለች፤ በስለት ቁረጧት። ቀጥሎ በኃይልና በግራውንድ መካከል በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩ። ሾርት፣ ማለትም ሁለቱ በስሕተት መገናኘት፣ ከሌለ አይሲዎቹን ሳትሰኩ ኃይል ስጡ፤ በእያንዳንዱ ሶኬት የሚደርሰው ቮልቴጅ ትክክል መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ኃይሉን አጥፍታችሁ አይሲዎቹን አንድ በአንድ ስኩ።